ጋሼ ቆይ «ወንድ ነው» ያለ ዕለት

እኔ የምሸጠው ክር ነው። ክር፣ ዚፕ፣ መርፌ፣ ላስቲክ፣ የልብስ ቁልፍ፤ በቃ። ድመት አልሸጥም፣ አልገዛም፣ አላክምም። ነገር ግን በዚህ ሰፈር የተወለደ የድመት ልጅ ሁሉ አንድ ቀን የእኔ ባንኮኒ ላይ በጀርባው ሳይንጋለል አያድግም። ጥቁሩን ክር ለምን በፌስታል ሸፍነሽ ታስቀምጪዋለሽ የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። ምክንያቱ ከጣውላው ወዲያ ተቀምጧል፤ ሂዱና እሱን ጠይቁት።

ከጣውላው ወዲያ ያለው ሰዓት ሠሪው ነው። ሱቆቻችንን የሚለየው ስስ ጣውላ ስለሆነ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ ነው። ሰፈሩ «ጋሼ ቆይ» ይለዋል። በዕድሜ እኔ ታላቁ ነኝ፤ ቢሆንም ሰው ሁሉ ጋሼ ሲለው እኔ ብቻዬን ምን ቤት ነኝ ብዬ ጋሼ እለዋለሁ። ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። ሰዓቴ መቼ ይደርሳል ቢሉት «ቆይ»፣ ይድናል ወይስ ሞቷል ቢሉት «ቆይ»፣ ሻይ ይምጣልህ ቢሉት እንኳን «ቆይ» ነው መልሱ። ሚስቱ እንደነገረችኝ ከሆነ «ታገቢኛለሽ?» ለማለት ራሱ ሁለት ዓመት አስጠብቋታል፤ እሷም እስኪናገር ድረስ የምትወደውን ሰው ፊት እያየች ጥርሷን ነክሳ ቆየች።

ታዲያ ድመቱ ለምን በእኔ ባንኮኒ ላይ? በእሱ ጠረጴዛ ላይ ድመት ስለማይወጣ ነዋ። አንዲት ፀጉር የተከፈተ ሰዓት ውስጥ ከገባች አለቀ፤ ሰዓቱ ደህና ሲሄድ ይውልና ቀጥ ይላል፣ ደንበኛውም ተመልሶ መጥቶ ያበሻቅጠዋል። ስለዚህ የድመት ልጅ ያቀፈ ሰው ብቅ ሲል ጋሼ ቆይ የጀመረውን ሥራ በብርጭቆ ይከድናል፣ ጋዋኑን አውልቆ ሚስማር ላይ ይሰቅላል፣ መዳፎቹን እስኪሞቁ ድረስ አሻሽቶ ወደ እኔ ይመጣል። ሲጨርስ ታጥቦ፣ እጅጌውን አራግፎ፣ ጋዋኑን ለብሶ ይመለሳል። ፀጉሩ ለእኔ ይቀራል። ስንቴ ተቆጣሁት መሰላችሁ። «አንቺ ጋ ብርሃኑ ጥሩ ነው» ይለኛል እንጂ ሌላ መልስ የለውም። ብርሃኑ ጥሩ መሆኑን እኔም አልክድም፤ መስኮቴ ወደ ግቢው ነው የሚያየው።

ሰው ወደ እሱ መምጣት የጀመረው በመነጽሩ የተነሳ ነው። ያቺን በአንድ ዓይኑ ቆልፎ የሚይዛትን አጉሊ መነጽር ሰፈሩ እንደ ተአምር ነው የሚያያት። የጤፍ ፍሬ የምታክል ብሎን የሚያይ ሰው የድመት ልጅ ወንድ ይሁን ሴት እንዴት ያቅተዋል ተባለ። የማያውቁት ነገር ቢኖር ድመት ሲያይ መነጽሯን አውልቆ ኪሱ እንደሚከታት ነው። በባዶ ዓይኑ ነው የሚያየው። ደግሞ አንዱን ብቻ አያይም። መጀመሪያ የሚጠይቀው «ወንድሙ ወይ እህቱ የታለ?» ብሎ ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያስተኛቸዋል። ጭራቸውን በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ ያነሳል፤ አይጎትትም፣ ልጆቹም አይጮኹም። ከጭራው ሥር ሁለት ነጥቦች አሉ፤ እሱ የሚያየው በሁለቱ መሃል ያለውን ክፍተት ነው። ሴቷ ላይ ተጠጋግተው ነው ያሉት፣ የታችኛውም እንደ ቀጭን ስንጥቅ ነው። ወንዱ ላይ ራቅ ይላሉ፣ የታችኛውም ክብ ነው፣ መሃላቸው ላይ ደግሞ ውሎ አድሮ የሚያብጥ ቦታ አለ። በወሬ ሲሰሙት ቀላል ነው። ግን «ራቅ ያለ» ማለት ከምን የራቀ ነው? ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ብቻውን የተንጋለለን የድመት ልጅ ስታዩ ራቀም ብትሉ ትክክል ይመስላችኋል፣ ተጠጋም ብትሉ ትክክል ይመስላችኋል። ሁለት ሲሆኑ ነው አንዱ ሌላውን የሚያጋልጠው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ደግሞ «ሦስተኛ አምጡ» ይላል፣ ያለ ምንም እፍረት።

ይህን ከአባቱ ነው የወሰደው። አባቱም ሰዓት ሠሪ ነበሩ፤ የማያውቁት ዓይነት ሰዓት ተበላሽቶ ሲመጣላቸው የሚሠራ መንትያውን ከሰው ተውሰው ጎኑ ያስቀምጡና ሁለቱን እያስተያዩ ነበር የሚፈቱት። ልጃቸው ያንኑ ወደ ድመት አዞረው። ዓይኑን ያልገለጠ ድመት ይዘውለት መጥተው «ምንድነው?» ያሉት ባልና ሚስት ነበሩ። ትክ ብሎ አየና «ድመት ነው» ብሎ መለሰላቸው። ሴትየዋ እስከ ዛሬ ክር የምትገዛው ከሌላ ሱቅ ነው፤ እኔ ምን አደረግኳት?

ቀለምም አያታልለውም። ሦስት ቀለም ያላት ሴት ናት፣ ቢጫ ወንድ ነው ይላል ሰፈሩ። እሱ «አብዛኛውን ጊዜ» የምትል ቃል ያስገባባታል። በዚህ ሰፈር መንገድ ብትጠይቁ የማያውቀውም ሰው እጁን ዘርግቶ ያሳያችኋል፤ አላውቅም ማለት ነውር ነው። ጋሼ ቆይ ግን «አላውቅም» ሲል ዓይኑን እንኳን አይሰብርም። «የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» ይላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለውን ሁላችንም እንተርታለን፤ እሱ ኖረበት። ለዚህ ነው አንዴ «ወንድ ነው» ካለ ማንም ሁለተኛ የማይጠይቀው። እኔም ወንድሜ ስላልሆነ፣ ባሌም ስላልሆነ ሳላፍር እናገራለሁ፤ እኮራበታለሁ።

ድመት ወንድ ሆነ ሴት ሆነ ምን ያጨቃጭቃል ትሉ ይሆናል። በእኛ ሕንፃ ያጨቃጭቃል። ሕንፃው የአንዲት ሴት ነው። ከታች እኛ ባለሱቆቹ፣ ከላይ በረንዳው ላይ በተደረደሩት ክፍሎች ተከራዮች፣ ጫፍ ላይ ደግሞ እሷ። ፊት ለፊት «እትዬ» እላታለሁ፣ ዞር ስትል «የላይኛዋ» ናት። ተከራይ አንድ ድመት ማሳደር ይችላል፤ ወንድ ከሆነ። ሴት ድመት በዚህ ቤት አትገባም።

በክፋት አይደለም። ከዓመታት በፊት አንዲት ድመት ኮርኒስ ውስጥ ወለደች። ተከራይ ሁሉ ሸተተን፣ እንቅልፍ አጣን፣ አንድ ነገር አድርጊ እያለ ጮኸባት። አንድ ነገር ሲደረግ ግን ሁሉም በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። የድመቷን ልጆች በከረጢት ይዛ ወደ ወንዙ የወረደችው እሷ ብቻዋን ናት። ስትመለስ በመስኮቴ አየኋት፤ ባዶውን ከረጢት አጣጥፋ ብብቷ ውስጥ ይዛው ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ከቤቷ አልወጣችም። ስትወጣ ነው ያንን ሕግ ያወጣችው። ሌላው ሕጓ ደግሞ ስለ ውሸት ነው፤ የዋሻትን ሰው አትምርም። ጥግ ላይ የነበረውን ፀጉር አስተካካይ በአንዲት ውሸት ወንበሩን አሸክማ አስወጥታዋለች።

እንግዲህ ጡረተኛው ፖስተኛ የመጡት በዚህ ላይ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው በር ሲያንኳኩ ኖረው በስተርጅና የእሳቸውን በር የሚያንኳኳ የጠፋባቸው ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከክፍላቸው ወርደው ግቢው ውስጥ ይቀመጡና ሰላምታ ሲሰጧቸው ብቻ ይመልሳሉ። አንድ ቀን ዝናቡ እንደጉድ ሲወርድ ከአሸንዳው ሥር ጩኸት ሰሙ። ጎንበስ ብለው ያወጡት ከመዳፍ የማይበልጥ ቢጫ የድመት ልጅ ነበር። እናት የለው፣ ወንድም የለው፣ እህት የለው። በዝናብ ካፖርታቸው ጠቅልለው ስላመጡት ስሙ «ጥቅል» ሆኖ ቀረ።

ወተት በጠብታ እያጠጡ አዳኑት። ድመቱ ሲድን ሰውዬውም ዳኑ። እኔ ሱቅ ድረስ መጥተው ዛሬ እንዲህ አደረገ፣ ዛሬ የአልጋ ልብሴን ቀደደ፣ ዛሬ ጥላውን ፈርቶ ሸሸ እያሉ ያወሩኝ ጀመር። ወሬያቸው መጨረሻ የለውም። እኔ ደግሞ ሰው ወሬ ሲያበዛ የማልወድ ሴት፣ የእሳቸውን ስሰማ ክር መቁጠር እረሳለሁ።

የላይኛዋ ሰማች። ወርዳ ግቢው መሃል ቆማ ፈረደች፤ ወንድ ከሆነ ይኑር፣ ሴት ከሆነች እስከ እሑድ ትውጣ፣ የሚያየው ጋሼ ቆይ ነው፣ የእሱ ቃል ይበቃኛል አለች። አባባ ፖስተኛው ወደ እኔ መጥተው ቀስ ብለው፣ ጥቅል ከወጣ እኔም እወጣለሁ አሉኝ። ወዴት ስላቸው ሌላ ከተማ ያለች እህት እንዳለቻቸው ነገሩኝ። ቤቷ በልጅ ልጅ ተጣቧል፣ የሚያስተኙዋቸውም ኮሪደር ላይ ነው።

ጋሼ ቆይ መጀመሪያ ሲያየው ያለው የታወቀ ነው። ገና ነው፣ ደግሞ ብቻውን ነው፣ ጓደኛ ፈልጉለት አለ። ጓደኛ ፍለጋ ወጣን። ድመት የሚተራመስበት ሰፈር፣ ያን ሰሞን የድመት ልጅ እንደ መድኃኒት ጠፋ። እኔ ራሴ ሱቄን ዘግቼ ልብስ ሰፊው ቤት ሄድኩ፣ የሥጋ ቤቱን ጓሮ አየሁ፣ የማላናግራትን ጎረቤቴን ሳይቀር አናገርኩ። አንድም በእሱ ዕድሜ ያለ አልተገኘም። እሑድ ደረሰ።

የላይኛዋ ወረደች። ጋሼ ቆይ ሁለት ሳምንት ጨምሪልን ብሎ ለመናት። ቃል ቃል ነው፣ ዛሬ ንገረኝ አለችው። አባባ ፖስተኛው ጥቅልን ባንኮኒዬ ላይ አስቀምጠው እጃቸውን አንስተው ወደ ኋላ ቆሙ። ጋሼ ቆይ እሳቸውን አየ፣ ድመቱን አየ፣ ከዚያ ኪሱ ገብቶ መነጽሯን አወጣና ዓይኑ ላይ አደረጋት። ለድመት መነጽር ሲያደርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ግን ከጭንቀቴ ብዛት ልብ አላልኩትም። ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየ።

«ወንድ ነው» አለ።

የላይኛዋ ራሷን ነቅንቃ ወጣች። አባባ ፖስተኛው የጋሼ ቆይን ትከሻ ይዘው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ጥቅልም ያን ዕለት ከሦስት ድውር ክር ጋር ታግሎ አሸንፎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ጥቅል አደገ። ከበረንዳው ብረት ላይ ተጋድሞ የሕንፃውን ገቢና ወጪ የሚቆጣጠር ሆነ። አባባ ፖስተኛውም ወሬያቸው ጨመረ። ዝናቡ አልፎ ሙቀቱ ሲገባ ግን የሰፈሩ ኮርማ ድመቶች ጣሪያችን ላይ መሰብሰብ ጀመሩ። ሲያላዝኑ ያድራሉ፣ እርስ በርስ ይቧጨራሉ፣ አንዱ ጆሮውን አጥቶ ሄዷል። ማንኛውም ሌላ ሕንፃ ውስጥ ያለ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባው ነበር። እኛ ግን ጋሼ ቆይ «ወንድ ነው» ያለን ሰዎች ነን። ስለዚህ ጥቅልን ሊደበድቡት ነው የመጡት፣ ጎበዝ ሆኖ ስላስቸገራቸው ነው ተባባልን። የላይኛዋ ራሷ መጥረጊያ ይዛ በረንዳ ላይ ቆማ «ብቻውን አገኛችሁትና!» እያለች ታባርራቸው ነበር። ዛሬ ሳስበው በሳቅ እሞታለሁ።

ብዙም ሳይቆይ ጥቅል ከበረንዳው ጠፋ። አባባ ፖስተኛው ጉንፋን ይዞታል አሉ። ወሬያቸውም ጠፋ። ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ሰላምታ ብቻ ወደሚመልሱት ሰው ተመለሱ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጋሼ ቆይ ሱቅ ገብተው ለማጽዳት የሰጡትን የእጅ ሰዓታቸውን ሲጠይቁት በጣውላው በኩል ሰማሁ። እህታቸው ጋ ሊኖሩ እንደሆነ፣ አመሻሽ ላይ በአውቶቡስ እንደሚሄዱ ነገሩት። ሰዓቱ ገና ተፈትቶ ነው ያለው፣ ነገ ይሁንልዎት አላቸው። አይሆንም አሉት። ለምን በድንገት ቢላቸው እህቴ ብቻዋን ናት አሉ። ልጅ ከልጅ ልጅ የተጣበበባት እህታቸው ማለት ነው።

ሰዓቱን እንደምንም ገጣጥሞ ራሱ ሊያደርስላቸው ወደ ላይ ወጣ። እኔም ለመንገድ ብዬ መርፌና ክር ጠቅልዬ ተከተልኩት፤ ከእኔ ሌላ ምን ይገኛል። ወሬ ልትሰማ ነው ካላችሁም አልከራከርም፤ ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ፍራሹ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል፣ ግድግዳው ላይ የነበረው የባለቤታቸው ፎቶ ወርዷል፣ ሻንጣው በሩ አጠገብ ቆሟል። አልጋው ሥር በካርቶን ሳጥን ውስጥ ጥቅል ተጋድሟል። ሆዱ እንደ ተነፋ ኳስ ነው። ሆዱ እላለሁ እንዴ፤ ሆዷ። ያንን ሆድ ለማወቅ ሰዓት ሠሪ መሆን አያስፈልግም፣ ጭራ ማንሳትም አያስፈልግም።

ጋሼ ቆይ በጉልበቱ ተንበረከከ። ድመቷ እጁን አሽትታ ጭንቅላቷን መዳፉ ውስጥ ጣለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?» አላቸው።

«ኮርማዎቹ ሲመጡ ጠረጠርኩ። ሆዷ ሲገፋ አወቅሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

አባባ ፖስተኛው ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። «ልጄ፣ በዚህ ሰፈር የሰው ቃል የሚታመነው ያንተ ብቻ ነው። ሴትዮዋ ይህን ብታይ ለሽማግሌው ብሎ ዋሸኝ ነው የምትለው። ውሸታም ተብለህ ወንበርህን ተሸክመህ ስትወጣ ቆሜ ከማይ እኔ ብሄድ ይሻላል። ማንም ሳያያት በሳጥኗ ይዣት እወርዳለሁ። አንተም አላየህም።»

እንዲህ ነው የሚሉት፤ ኮሪደር ላይ ሊተኙ የሚሄዱ ሰው።

ጋሼ ቆይ ኪሱ ገብቶ መነጽሯን አወጣና እንደ ጠላት አያት። አልዋሸሁም፣ ተሳሳትኩ እንጂ አላቸው። ያን እሑድ በመነጽር አይቶ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት የተጠጋጋው ሁሉ ይራራቃል፤ ይህን ደግሞ በሕይወቱ ሙሉ በዚያች መነጽር የኖረ ሰው ሊረሳው አይገባም ነበር። ቢጫ መሆኑም ገፋፋኝ አለ። ከሁሉ በላይ ግን ወንድ እንዲሆን ስለፈለግሁ ነው አለ። ቃሌን ከሰጠሁ በኋላ አንድ ቀን እንኳን ተመልሼ አገላብጬ አላየኋትም፣ ወንድ ቢሆን እኮ እስካሁን ድንጋይ ላይ እንደ ተጻፈ ነበር የሚታየው አለ። ይህን ሁሉ የተናገረው ለእኛ አይደለም፣ ለራሱ ነው።

እዚህ ላይ ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር? ሽማግሌው ሊሄዱ ነው፣ ድመቷም አብራ ልትሄድ ነው፣ የእሱ ስም እንደ ነጠላ ክር ሳይቋጠር ሳይቆሽሽ ይቀር ነበር። እሱ ግን ተነስቶ ወጣ።

የላይኛዋ በረንዳው ጫፍ ላይ ልብስ ታሰጣለች። ሁለት ተከራዮችም አጠገቧ ነበሩ። ሰው በሌለበት ላናግርሽ አላላትም። «ቆይ»ም አላለም።

«እትዬ፣ ተሳስቻለሁ» አላት። «ጥቅል ሴት ናት። እርጉዝ ናት። አባባ ያኖሯት በእኔ ቃል አምነው ነው፤ እሳቸው ጥፋት የለባቸውም። መውጣት ያለበት ሰው ካለ እኔ ነኝ፣ ሱቁን እለቅልሻለሁ።»

ሁለቱ ተከራዮች ልብሳቸውን እንደያዙ ቀሩ። የላይኛዋ የጨመቀችውን አንሶላ ገመዱ ላይ ወርውራ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«አውቀህ ነው?» አለችው።

«አውቄ አይደለም። አላውቅም ማለት ሲገባኝ ነው አውቃለሁ ያልኩት።»

አየችው። ያን አስተያየቷን አውቀዋለሁ፤ ፀጉር አስተካካዩንም እንደዚያ ነው ያየችው። ከጀርባዬ አባባ ፖስተኛው የበሩን መቃን ይዘው ቆመዋል፣ ሲተነፍሱ ይሰማኛል። እኔ በበኩሌ የባዶ ሱቅ ጣውላ ታየኝ፤ ከነገ ጀምሮ ማን እንደሚያስነጥስልኝ አሰብኩ።

የተናገረችው ግን ያልጠበቅሁትን ነው። ድምፅዋም የእሷ አይመስልም፣ ቀጥኖ ነበር።

«ልጆቹንስ ማን ይዟቸው ሊወርድ ነው?»

ምን ማለቷ እንደሆነ የድሮ ተከራይ ሁሉ ያውቃል። ጋሼ ቆይም ያውቃል። አንድ እርምጃ ቀረብ አለና ማንም ይዟቸው አይወርድም አላት። ለእያንዳንዳቸው ቤት እስኪያገኝ ድረስ እሱ ሱቅ እንደሚያኖራቸው፣ ወንዱንም ሴቷንም ራሱ አስተያይቶ ለሚወስዳቸው ሰው እውነቱን ነግሮ እንደሚሰጥ ቃል ገባላት። ተከራዮቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደግ ነው ብለው ይሆናል። ምን እንዳለ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ድመት የሚያድግበት ሱቅ ውስጥ ሰዓት አይከፈትም። ያ ሰው እጁን አጣምሮ ሊቀመጥ ነው የተስማማው።

«እኔ ጋ ይሆናሉ» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ጥቁር ክሬን አስቤ ወዲያው ቆጨኝ፣ ግን ያለፈ አለፈ።

የላይኛዋ እኔን ከቁብም አልቆጠረችኝ፤ ዓይኗ እሱ ላይ ነው።

«ይህን ያህል ዓመት ቤት ሳከራይ» አለች፣ «ተበላሸ ብለውኛል፣ ተሰረቀ ብለውኛል፣ እኔ አይደለሁም ብለውኛል። ተሳስቻለሁ ብሎ በእግሩ የመጣ አንተን አየሁ። እስካሁን ያመንኩህ፣ ሰው ሁሉ አዋቂ ነው ስላለህ ነበር። ከእንግዲህ ግን እኔው ራሴ አውቄህ ነው።»

ጋሼ ቆይ አንገቱን ደፋ። እኔ ሰው አደንቃለሁ ማለት አይቀናኝም፤ ምላሴ ለነቀፋ ነው የተፈጠረው። ያን ቀን ግን አንገቱን ደፍቶ ሳየው፣ ከዚህ ሰው ጎን ስንት ዓመት በጣውላ ተለይቼ መቀመጤን አመሰገንኩ።

የላይኛዋ ወደ አባባ ፖስተኛው ዞረች። ሻንጣዎን ይፍቱ አለቻቸው፣ ፍራሹንም ይዘርጉት፣ ሰው እርጉዝ ይዞ በአውቶቡስ አይንገላታም። እሳቸው የመቃኑን እንጨት እንደያዙ ቁጭ አሉ። እሷም ምስጋና የምትጠብቅ ሴት አይደለችም። ባዶውን የልብስ ሳፋ አንስታ ወደ ቤቷ ሄደች። በሯ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ፊቷን ግን ወደ እኛ አላዞረችም።

«ስትወልድ ጥሩኝ» አለች። «ቀንም ይሁን ሌሊት ጥሩኝ። እኔ በሌለሁበት እንዳትወልድ።»